ለአንድ እግር የመጣ መርዶ

በእኛ አገር የአንድን ሰው ጉዳይ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ባለጉዳዩ ሲቀር። የመንግሥት ሠራተኛ መዛወሩን የሚሰማው ጎረቤቱ «አልጋህን ይዘኸው ትሄዳለህ ወይስ ትተወዋለህ?» ሊል ሲመጣ ነው። እናት የልጇን መታጨት የምትሰማው ከፀጉር ሠሪዋ ነው። የታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ሕመሙን ወንድሙ ያውቃል፣ የወንድሙ ሚስት ታውቃለች፣ እሷ ያወቀችውን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ታማሚው ግን አልጋው ላይ ተጋድሞ «ትንሽ ብርድ ነው» እየተባለ ብርቱካን ይላጥለታል። ብርቱካኑ ሲበዛ ሰውየው ራሱ መጠርጠር ይጀምራል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ ካሉት የሕክምና ቤቶች በአንዱ (ስሙን አልናገርም፤ ጡረታ አልወጣሁም) ነርስ ሆኜ ፀጉሬ ሸብቷል። በመሃሉ ተምሬ ሁለተኛ ዲግሪ ይዣለሁ። ምን ተለወጠ ብትሉኝ ምንም። ወንዶቹ የሥራ ባልደረቦቼ ነጭ ጋውን ከለበሱበት ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ይባላሉ። የቧንቧ ሠራተኛችን እንኳ አንድ ቀን ዝናብ ደብድቦት ጋውን ተውሶ ቢለብስ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ እስኪወጣ ሦስት ሰው ምላሱን አውጥቶ አሳይቶታል። እኔ በዲፕሎማ «ሲስተር» ነበርኩ፤ በዲግሪ ሲስተር ሆንኩ፤ በማስተርስም ሲስተር ነኝ። ልቤ አልቆሰለም ብል ውሸት ነው፤ ግን ለምጄዋለሁ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የሙያ ሥነ ምግባርና ሕግ የሚባል ትምህርት ነበር። «ኤ» ነው ያገኘሁት፤ ይህንን ሳልናገር የማልፍ ሰው አይደለሁም። ሕመምተኛ ስለ ራሱ ሰውነት እውነቱን የማወቅ መብት አለው፤ ሊደረግበት ያለውን ሰምቶና ተረድቶ ራሱ ይወስናል፤ የሚያስረዳውም ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ ነው እንጂ ሌላ ተላላኪ አይደለም፤ ምስጢሩ ደግሞ ካለ እሱ ፈቃድ ለማንም አይነገርም። ይህን ሁሉ እንደ ውኃ ጠጥቼው ወጣሁ። አስተማሪያችን ሳይነግሩን የቀሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕመምተኛው ዘመድ እንዳለው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጋሽ ይመር በዚያ በክፉው የድርቅ ዘመን ከወሎ ተነሥተው ወለጋ ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። እዚያ መሬት መንጥረው፣ በቆሎ ዘርተው፣ ልጆች ወልደው አረጁ። ኋላ አገሩ ሰላም ሲያጣ ያንኑ ጥለው ነቀምቴ መጡና ጨለለቂ ክፍለ ከተማ ልጃቸው ሰይድ በተከራየው ቤት ገቡ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀው እዚሁ ነው። በዕድሜው ሁለት ጊዜ ከነቤተሰቡ የተነቀለ ሰው የጣቱን ቁስል የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል? እኛ ጋ ሲመጡ ሁለቱም እግራቸው ቆስሏል። የቀኙ ቀላል ነው፤ እየታጠበ የሚድን። የግራው ግን ከጣቶቹ ጀምሮ ጠቁሮ፣ ሥጋው ሞቶ፣ ሞቱም ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ሁለቱንም በፋሻ ጠቅልለን የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ከስምንቱ አልጋዎች የጥጉን ሰጠናቸው።

ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ገመቹ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ችግሩ አይቆምም። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እሱ አንድ ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ሲበላ እንኳ እየሄደ ነው። ሰኞ ጠዋት አልጋ ለአልጋ ስንዞር ከጋሽ ይመር ግርጌ ደረሰና ሁለቱንም ፋሻ አስፈትቶ አየ። ከዚያ ወደ እግራቸው በአገጩ እያመለከተ፣ ይሄኛው ሐሙስ ከጉልበት በታች ይቆረጣል፣ ሐሙስ ካለፈ ከጉልበት በላይ ይሆናል፣ እሱም ካለፈ ሰውየውን እናጣቸዋለን አለኝ። የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ በእኛ ክፍል የመጋረጃ ሥራ ይሠራል፤ የጨርቅ መጋረጃ የለንም። «አስፈርሚያቸው» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ ወርውሮልኝ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። እኔም ከኋላው እየተከተልኩ የፈቃድ ወረቀቱን ክንዴ ላይ አስደግፌ ሞላሁ።

ልብ በሉ፤ በሕጉ ቢሆን የሚያስረዳው እሱ ነው። እኔ ምስክር ነኝ። በልማድ ግን ሐኪሙ ይቆርጣል፣ ነርሷ ታስፈርማለች፣ ነገር ከመጣ ደግሞ ፊርማው የነርሷ ነው ይባላል። ስሕተት መሆኑን ኤ ካገኘሁበት ትምህርት አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱን ይዤ የሄድኩትም እያወቅሁ ነው።

ጋሽ ይመር አልጋ ሳልደርስ ሰይድ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰይድ አርባውን ያለፈ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ጨዋ ነው። ከጥበቃው ሰው፣ ጥበቃው ደግሞ ከጽዳት ሠራተኛዋ የእግሩን ነገር ሰምቷል። እንዴት ወጣ አትበሉኝ፤ የእንግሊዝኛው መጋረጃ ቀዳዳ አለው።

«ሲስተር፣ አደራሽን፣ ለአባየ እንዳትነግሪው» አለኝ።

የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፣ ሳያውቁ ደግሞ መፈረም አይቻልም አልኩት። እኔ ልፈርም አለ። እግሩ ያንተ አይደለም አልኩት። ትንሽ አሰበና ያመጣውን መላ እንደ ወረደ ልንገራችሁ፤ ቁስሉ ሊታጠብ ነው ተብለው ይፈርሙ፣ ተኝተው ይቆረጥ፣ ሲነቁ ቤተሰቡ ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል።

«ሲነቁ እግራቸው እንደሌለ አያዩም?»

«ብርድ ልብሱን እንዳይገልጠው ተራ ገብተን እንጠብቃለን።»

«ለስንት ቀን?»

«እስኪበረታ ድረስ።»

አልቀለደም። ተራ የሚገቡትን ሰዎች ስም ሳይቀር ይዟል። እናታችሁ ተራ የላቸውም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እሷ ፊቷ ስለሚናገርባት ከበር ውጭ ናት አለኝ። ስቄበት ነበር፤ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን እስካይ ድረስ። አባቱ ከኪራሙ ሲወጡ ቤታቸውን፣ ከብታቸውን፣ ያሳደጉትን ማንጎ ሳይቀር ትተዋል፤ አሁን ደግሞ እግርህን ልንወስድ ነው ማለት ከአፌ አይወጣም አለ። ከአፉ የማይወጣውን ነገር እኔም በዚያች ሰዓት ከአፌ አላወጣሁትም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቁስላቸውን ሳጥብ ጋሽ ይመር ክፍሉን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኸ የግራው ሞቷል አይደል?» አሉኝ።

ሕመምተኛ ራሱ ሲጠይቅ መዋሸት አይቻልም፤ እኔም አልዋሸሁም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐሙስን፣ ከጉልበት በታችን፣ ከጉልበት በላይን። ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸውና ሽታውን ከሳምንት በፊት አውቀውታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ፣ ልጆችዎን ልጥራና እንፈርም አልኳቸው። እጄን ያዙኝ።

«የለም። ማወቄን እንዳትነግሪያቸው። እነሱ መጥተው ይንገሩኝ።»

ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

«ከኔ ከሰሙ ያለቅሳሉ፤ የማጽናናቸው እኔ ነኝ። አቅም የለኝም። እኔ ከነሱ ከሰማሁ ግን አልቅሼ የሚያጽናኑኝ እነሱ ናቸው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አባት ያውቃሉ፤ ማወቃቸውን ልጆቹ እንዳያውቁ ምስጢር አስያዙኝ። ልጆቹ ያውቃሉ፤ ማወቃቸውን አባት እንዳያውቁ ምስጢር አስያዙኝ። እኔ በመሃል ቆሜ የሁለቱንም ቁልፍ ይዣለሁ፤ ሕጉ ግን አንዱንም በር እንድከፍት አይፈቅድልኝም። ጥቁሩ ደግሞ ምስጢር አያውቅም፤ ሰኞ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ማክሰኞ አልፎታል። ከክፍሉ ስወጣ ሰይድን ጠርቼ፣ ከእንግዲህ እኔ አልናገርም፣ እናንተው ንገሩ፣ እስከ ነገ ካልነገራችሁ ግን አባትህን እንደምናጣቸው ዕወቅ አልኩት። ትናንት ካልነገርኩ ሞቼ እገኛለሁ ያልሽው አንቺ አልነበርሽም ወይ በሚል ዓይን አየኝ። ወደ ጨለለቂ ሄደ።

የጨለለቂው እድር ዳኛ ኦቦ ቶሌራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ወንጌል አማኙንም ኦርቶዶክሱንም እስላሙንም በአንድ መዝገብ የሚያስተዳድሩ። ሰይድ ችግሩን ሲነግራቸው፣ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም ብለው ማክሰኞ ከሰዓት እድሩን ሰበሰቡ። የእኔም እናት የዚያው እድር አባል ናትና ስብሰባው ሳያልቅ ወሬው ደረሰኝ። ለሰው የአባቱ መርዶ እንደሚነገረው ሁሉ ለጋሽ ይመርም መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎች እንዲላኩ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ያከራከረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እግሩ በክብር መቀበሩ አይቀርም፤ ታዲያ ድንኳን ይጣላል ወይስ አይጣልም? መተዳደሪያ ደንቡ «አባል ሲሞት» ይላል እንጂ ከአባሉ ላይ ስለሚሞት ነገር ዝም ብሏል። አንዱ ይጣል አለ። ሌላው ተነሥቶ፣ ዛሬ ለእግሩ ከጣልን የቀረው ሰውዬ ዕድሜ ጠግቦ ሲሞት ሁለተኛ ድንኳን ልንጥል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው፣ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ «ያጽናህ» የሚባለው ለሟች ባለቤት ነው፣ እዚህ ባለቤቱና የሟቹ ቀሪ አንድ ሰው ናቸው አለ። ብዙ ከተባለ በኋላ ድንኳኑ ይቅር፣ አግዳሚ ወንበሩ ግን ይውጣ ተባለ።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሹፌር በመስታወት አየኝና የጋሽ ይመር እግር መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ልክ ሠርግ መቼ ነው እንደሚባለው። ስለ ሕመምተኛ ጉዳይ ለውጭ ሰው መናገር በሕግ የተከለከለ መሆኑን ኮስተር ብዬ ነገርኩት። ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ከዚያ ሐሙስ ነው እንደሚባል እሱ ለእኔ ነገረኝ።

ረቡዕ ማለዳ ነው እንግዲህ ጉዱ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰው ሳይበታተን፣ ባለጉዳዩ ከቤት ሳይወጣ። ኦቦ ቶሌራ አምስት ሽማግሌ አስከትለው፣ ስድስቱም ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከበሩ ሲደርሱ፣ ጥበቃው ማን ጋ ናችሁ ብሎ አልጠየቀም፤ ኮፍያውን አወለቀና ከፈተላቸው። ሰይድ የንጋት ሶላቱን ሰግዶ ሊቀላቀላቸው ነበር ቀጠሮው፤ እነሱ ቀደሙ። ጋሽ ይመር የትኛው አልጋ ላይ እንደተኙ አያውቁም። ስለዚህ ያደረጉት፣ የወንዶች ክፍል በር ላይ ተደርድረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እያንዳንዱን ሕመምተኛ በየተራ ማየት ሆነ።

እስቲ ራሳችሁን እዚያ አልጋ ላይ አስተኙት። ገና ፊታችሁን አልታጠባችሁም። ስድስት ሽማግሌዎች ጋቢ አዘቅዝቀው በር ላይ ቆመው በሐዘን ዓይን ያዩዋችኋል። ሁለተኛው አልጋ ላይ የወገብ ሥር እብጠት ለመታከም የተኛ መምህር ደፍሮ፣ ምነው አባቶቼ፣ ማንን ፈልጋችሁ ነው አለ። ኦቦ ቶሌራ ሰውን በባዶ ሆዱ ማስደንገጥ ነውር መሆኑን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ። ለመሆኑ ቁርስ በልታችኋል?» አሉ።

ይህን ጥያቄ በማለዳ ከሽማግሌ አፍ የሰማ ሰው ሌላ ማረጋገጫ አይፈልግም። መምህሩ ወንድሜ ነው አይደል ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ልጇን የምታስታምም ከጊዳ የመጣች አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወለሉ ላይ ወደቀች። እግሩ ላይ ብረት ተተክሎለት መንቀሳቀስ የማይችለው የጭነት መኪና ረዳት የእናቱን ስም እየጠራ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ሥራ ልረከብ ስገባ ስምንቱም አልጋ የየራሱን ሟች መርጦ እያለቀሰ ነው። ስምንት አልኩ? ሰባት። ጋሽ ይመር ጥጋቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ተኝተው እንዳይመስላችሁ፣ ሰው እንደዚያ አጥብቆ አይተኛም።

ማንም አልሞተም ብዬ ጮኼ ተናገርኩ። ታዲያ እነዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ አለኝ መምህሩ። ምን ልመልስ? ስም ከጠራሁ ምስጢር አወጣሁ። ዝም ካልኩ የጊዳዋ ሴት ልትሞትብኝ ነው። እንደ ምንም ብዬ፣ የመጡት ለሞተ ሰው አይደለም፣ ለአንድ ሕመምተኛ የአካል ክፍል ጉዳይ ነው አልኩ። ያንን ባልል ይሻል ነበር። ልቅሶው ቆመና ክፍሉ በሙሉ ብርድ ልብሱን ገልጦ የራሱን አካል መመርመር ያዘ። መምህሩ የሚታከምበትን ቦታ በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ፈቃዱን እንደሰረዘ እንድጽፍለት ለመነኝ።

ያዳነን የሰይድ መድረስ ነው። ሽማግሌዎቹን ወደ ጥጉ አልጋ መራቸው። የቀሩት ሰባቱ «የኔ አይደለም» ብለው ሲተነፍሱ መስኮቱ የተከፈተ መሰለኝ። ኦቦ ቶሌራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ጀመሩ። ከዝናቡ ጀመሩ። ወደ በቆሎው አለፉ። የበቆሎው አገዳ ሲነቅዝ ገበሬ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ፤ ጋሽ ይመር የነቀዘውን ይቆርጣል ብለው መለሱ። እንደዚያ እያሉ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እየደገፈ፣ ቀስ ብለው እግሩ ላይ ደረሱ። እኔ አምስት ደቂቃ የፈጀብኝን ነገር እሳቸው ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰዱበት። እየተናደድኩ ሰዓቴን አይ ነበር፤ አልዋሽም።

ጋሽ ይመር እንደ ሰሙ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ። አስቀድመው ማወቃቸውን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ትወና ነው ብዬ ላስብ ሞከርኩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ማሰቤን ተውኩት። ሰይድ ከኋላቸው አልጋው ላይ ወጥቶ አቀፋቸው። አባየ፣ አለሁ፣ እኔ እግር እሆንሃለሁ ይላቸው ነበር። የጊዳዋ ሴት ለራሷ የጀመረችውን እንባ ለሳቸው ጨረሰችው፤ መምህሩም አለቀሰ፤ ኤ ያላት ነርስም መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ጋ ዞራ አለቀሰች። ከዚያ ጥበቃው መጥቶ ለአንድ ሕመምተኛ አንድ አስታማሚ ብሎ ሽማግሌውንም ቤተሰቡንም ጠራርጎ አስወጣ። ሰይድም በግርግሩ አብሮ ወጣ። ሁሉም ሄደው ከውጭ መስኮቱ ላይ ተደረደሩ።

ወረቀቱንና የቀለም ፓዱን ይዤ ቀረብኩ። ደስ ብሎኛል፤ ለሐሙስ ደርሰናል። ጋሽ ይመር እንባቸውን ጠርገው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ» አሉ። «ወሎ ላይ ነው። እህል ልትቀበሉ ነው ብለው አውራ ጣታችንን አስነኩን። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት ዛፍ የወለጋ ዛፍ ነው። አሁን የሚቆርጠው ሰው ይምጣ። ተቀምጦ ይንገረኝ። ወረቀቱም ከላይ እስከ ታች ይነበብልኝ። እሱም ጣቱን ያስነካ።»

ፊደል ያልቆጠሩት ሰውዬ የእኔን ትምህርት በቃላቸው ይዘውታል። ሄጄ ለዶክተር ገመቹ ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳልስቅ ቆሜ ብጠብቀው መጣ። ወንበር ሳብኩለትና ተቀመጠ። ሐኪማችን ሕመምተኛ አጠገብ ሲቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው እንኳ አላወቀም። ረጋ ብሎ አስረዳቸው፤ ጋሽ ይመር ጠየቁ፤ መለሰ። ሲያስረዳ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የማንበቡ ተራ የእኔ ሆነ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ሰመመኑን፣ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት። የሚቆረጠው ክፍል የሚለው መስመር ላይ ደረስኩ። የእኔ ጽሑፍ ነው። ቆምኩ።

«ቀኝ» ይላል።

ሰኞ ጠዋት ከግርጌያቸው፣ ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ በሐኪሙ አገጭ ተመርቼ፣ እየሄድኩ የሞላሁት ነው። የሳቸው ግራ በእኔ ቀኝ በኩል ነበር። ሁለቱም እግር ደግሞ ፋሻ ውስጥ ነው፤ ሐሙስ ዕለት በሰመመን ተኝተው፣ ጨርቅ ተሸፍነው ይገባሉ፤ ሰዉ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ይነገራቸው አይነገራቸው ብለን የተጣላነው፣ እኔም ፈርሙ ፈርሙ እያልኩ ያሳደድኳቸው፣ በደኅናው እግራቸው ላይ ነበር። ዶክተር ገመቹ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ይመር።

ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት። ሁለቱን እግሮቻቸውን በየተራ አዩ። ቀኙን ጣት ነቅነቅ አደረጉት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግ። ሌላ ወረቀት አምጭ» አሉኝ። ሰይድ በመስኮቱ ምን ሆናችሁ ብሎ በእጁ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ይመር ፊደል ጠፍቷቸው ነው ብለው መለሱለት። በአዲሱ ወረቀት ላይ ሦስት አውራ ጣት አረፈ፤ የሳቸው፣ የሐኪሙና የእኔ።

ሐሙስ ግራው ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ በሰላም ነቁ። እግሩ ተቀበረ፤ አግዳሚው ወንበር ወጣ፤ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ሁሉም ደኅና ሆነ፤ እኔ ብቻ እንቅልፍ አጣሁ። ስሕተቴን ለአለቆቼ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ያ ቀላሉ ነው፤ ወረቀት ነው። ቤተሰቡ ግን አያውቅም። ሰይድ በመጣ ቁጥር እጄን እየሳመ ሲስተር ባትኖሪ ይለኛል። እውነት ይነገር ብዬ ሦስት ቀን የጮህኩ ሰው፣ ሰይድን ኮሪደር ላይ ሳይ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። አፌን እከፍታለሁ፤ ስለ ዝናቡ አወራለሁ።

በመጨረሻ ያደረግሁትን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ጨለለቂ ኦቦ ቶሌራ ቤት ሄድኩና፣ እንደምንም ብለው ሽማግሌዎቹን ይዘው ለነሰይድ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አዳመጡኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «እኛ የምንናገረው እግዜር ያደረገውን ነው። ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ ሰይድን ደረቅ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ቁርስ መብላቱን ጠይቄ፣ ነገርኩት። አልጮኸም። ቀና ብሎ አየኝና፣

«ሲስተር፣ ምነው ባልነገርሽኝ ኖሮ» አለኝ።